መንጋጋ ወደ አራተኛው ዕትም ሲሻገር

ጥርስ ሠሪዋን ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይላታል፤ ዶክተር ግን አይደለችም። ዶክተሩ ፎቅ ላይ ሆኖ አፍ ያስከፍታል። እሷ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ዶክተሩ የላከላትን፣ የሰው አፍ የታተመበትን ልኬት በጀሶ ትሞላለች፣ ድዱን በሰም ትቀርጻለች፣ ጥርሱን አንድ በአንድ ትደረድራለች። የሰውየውን ፊት ሳታይ ሳቁን ትሠራለች ማለት ነው። ሙያውን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። ዛሬም የምትቀመጠው እሳቸው ሠላሳ አምስት ዓመት በተቀመጡበት፣ ወደ ግራ ባዘነበለው ወንበር ላይ ነው፤ ሊያቃናላት የመጣውን አናጺ ሁለቴ መልሳዋለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዶክተሩ ራሱ ደረጃውን ወርዶ መጣ። ዶክተሩ በእግሩ ከወረደ ደግ ወሬ የለም። በእጁ የያዘው የጡረተኛውን ትራፊክ ፖሊስ ሙሉ ጥርስ ነበር፤ ሲመለስ ሦስተኛው ነው።

«አሁንም ሲያወሩ ቋ ቋ ይላል» አላት። «ቅድም ደግሞ ሲስቁ ወልቆ ጭናቸው ላይ ወደቀ።»

«ልኬቱ እኮ ልክ ነው! ሦስቴ ለካን!»

«እኔም ልክ ነው እላለሁ። አፋቸው ነው እንቢ ያለው።» ጥርሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዓይኗን ሳያይ ጨመረ፤ «እስከሚቀጥለው ሰኞ ነው። ለአራተኛ ጊዜ ከተመለሰ ግን ሙሉ ጥርስ የሚባለውን ሥራ በማሽን ወደሚሠሩት መላኬ ነው። አትቀየሚኝ።»

አልተቀየመችውም፤ ደነገጠች እንጂ። ሙሉ ጥርስ ከሄደ የሚቀራት የተሰነጠቀ መለጠፍና ስለታማ ጠርዝ መሞረድ ነው። ምሳ ሰዓት እንደ ደረሰ ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልላ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ወደሚገኘው የአባቷ ቤት ሮጠች። አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ነበር። መሐረቡን ፈትታ ብታሳያቸው በዓይናቸው ጥግ አይተው ፊታቸውን መለሱ።

«ተይኝ ልጄ። እኔ የማውቀው የድሮውን ነው። አሁን ዱቄቱም ሌላ፣ ሰሙም ሌላ፣ ሕጉም ሌላ። የእኔ ነገር አልፎበታል።»

ይህቺ «አልፎበታል» የምትባል ቃል ቤቱን ከወረረች ሁለት ዓመቷ ነው። እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ስለ ጫማ ቢጠየቁ አልፎበታል፣ ስለ ዜና ቢጠየቁ አልፎበታል፣ ሚስታቸው «ሾርባው ጨው በዛበት?» ቢሏቸው እንኳ «የእኔ ምላስ አልፎበታል» ነው መልሱ። ጥርስ ሠሪዋን አንጀቷን የሚበላት ይኼ ነው። ሥራዋን ትፈልጋለች፣ እርግጥ ነው፤ ከሥራዋ ይልቅ ግን ያኔ ከማንም ጋር አፍ ለአፍ ገጥመው ይከራከሩ የነበሩትን አባቷን ትፈልጋለች።

ሰውየው ድሮ ምን ያህል ተከራካሪ እንደነበሩ ለማወቅ የመንጋጋን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። መንጋጋ አውሬ ነው፤ ያውም የጌም አውሬ። ጥርስ ሠሪዋ አሥራ ሦስት፣ ታላቅ ወንድሟ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናቸው ቤት ውስጥ አንዲት በእጅ የምትያዝ የጌም መጫወቻ ገባች። ጨዋታው አውሬ መያዝ፣ ማሳደግ፣ ከሌላ ሰው አውሬ ጋር ማዋጋት ነው። በየዙሩ ሁለቱም ተጫዋቾች ለአውሬያቸው አንድ አንድ ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ፈጣኑ ይቀድማል፣ ዝግተኛው ይከተላል። ልጆቹ ወደዱት፤ አባትየው ግን አበዱለት። ምድር ቤት ጀሶው እስኪደርቅ ድረስ አውሬ ያሳድጉ ነበር። ከሁሉ አብልጠው የወደዱት አፉ የሰውነቱን ግማሽ የሚያህል፣ ግዙፍና ዝግተኛ አውሬ ነው። መንጋጋ ብለው ስም አወጡለት።

ጉዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያ ጌም ውስጥ እያንዳንዱ አውሬ ሁለት ኃይል አለው፤ ጉልበትና ምትሃት። የመንጋጋ ጉልበት ተራራ ነው፤ ምትሃቱ ግን የለም ቢባል ይሻላል። በመጀመሪያው ዕትም ሕግ ደግሞ የድንጋይና የቡጢ ምት ሁሉ በጉልበት፣ የእሳት፣ የውሃና የመብረቅ ምት ሁሉ በምትሃት ይሰላል። እንግዲህ ምትሃት ለሌለው አውሬ እሳት ማስተማር ወንፊት ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። አንድ አውሬ ከአራት ምት በላይ አይይዝም፤ አባትየው ግን አንዱን ምርጥ የድንጋይ ምት አስረስተው በቦታው «የእሳት ንክሻ» የሚባለውን ለመንጋጋ አስተማሩት።

«አባባ! እሳት እኮ በምትሃት ነው የሚቆጠረው!» ብሎ ጮኸ ልጅየው።

«አንተ ስለ ንክሻ እኔን ታስተምረኛለህ? ንክሻ የመንጋጋ ጡንቻ ሥራ ነው። አፉ ውስጥ እሳት ይኑር በረዶ ይኑር፣ የሚነክሰው ጉልበት ነው።»

«ሕጉ እንደዚያ አይልም።»

«እንግዲያው ሕጉ ተሳስቷል!»

ሕጉ አልሰማቸውም። ልጅየው ያሳደገው «ብረት ለበስ» የሚባል አውሬ ነበር፤ ከራስ ቅሉ እስከ ጅራቱ ብረት ሆኖ የሚፈራው እሳትን ብቻ ነው። መንጋጋ በነከሰው ቁጥር ትንኝ ያረፈችበት ያህል እንኳ አልተሰማውም። አባትየው አንድም ቀን አላሸነፉ፣ አንድም ቀን ደግሞ ንክሻውን አላስረሱትም። ቀስ በቀስ «የአባባ ንክሻ» የቤተሰቡ ተረብ ሆነ። የማይቆርጥ ቢላ የአባባ ንክሻ ነው፤ ዝናብ የሚያስገባ ጃንጥላ የአባባ ንክሻ ነው፤ ልጅየው አድጎ የአሳንሰር ጠጋኝ ከሆነ በኋላ እንኳ የማይነሳ ሞተር ሲገጥመው ለሥራ ጓደኞቹ «ይኼማ የአባባ ንክሻ ነው» ይላቸዋል። አባትየው ድሮ አብረው ይስቁ ነበር። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ይህ ቀልድ ሲነሳ ወደ መስኮቱ ዞር ማለት ጀመሩ፤ ቀልዱንም ማንም ሳይከለክለው ሁሉም ተወው።

ወደ ጥርስ ሠሪዋ እንመለስ። በማግስቱ ማክሰኞ፣ ምሳዋን ቶሎ ጨርሳ የትራፊክ ፖሊሱን ልኬት ለአራተኛ ጊዜ ልትሞላ ጀሶ እየበጠበጠች ነው። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። የጌሙ አራተኛ ዕትም ወጥቷል፤ መጫወቻዋ ላይ ከሚሰኩት ከድሮዎቹ ካሴቶች አውሬ ማሻገር ይቻላል ይላል። ከሥሩ የለውጦች ዝርዝር አለ። በቀኝ እጇ ጀሶውን እያማሰለች በግራ እጇ ዝርዝሩን ወደ ታች ትገፋለች። ድሮ አንዴ ከጀመረ ግጥሚያው እስኪያልቅ የማያባራው ዝናብ አሁን በአምስት ዙር ያባራል። እሺ። ድሮ ፈጽሞ የማይስቱ ምቶች አሁን ሊስቱ ይችላሉ። ይሁን። ቀጥሎ ያለውን መስመር ስታነብ እጇ ቆመ።

«ከእንግዲህ ምት የሚሰላው በተሠራበት ነገር ሳይሆን በአመታቱ ነው። ከሩቅ የሚላክ በምትሃት፤ በአካል የሚመታ፣ የሚረግጥ ወይም የሚነክስ በጉልበት።»

ደግማ አነበበችው። «የሚነክስ» የሚለውን ለብቻው ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ምድር ቤቱን የሚያናጋ ጩኸት ጮኸች። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን እንደያዘች ከፎቅ በርራ ወረደች።

«ምነው! እጅሽን ቆረጠሽ?»

«ንክሻ በጉልበት ሆነ!» ብላ አቀፈቻት። «ንክሻ በጉልበት ሆነ እኮ!»

«እሰይ» አለች ሴትየዋ፤ ምን እንደሆነ ባይገባትም የደስታ ነገር መሆኑን አይታለች። ጀሶው ግን ማንንም አልጠበቀም፤ ማማሰያው መሐሉ ላይ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ድንጋይ ሆኗል። ጥርስ ሠሪዋ በሃያ ዓመት ሥራዋ ጀሶ ደርቆባት አያውቅም ነበር።

ከሥራ እንደወጣች እየሮጠች አባቷ ቤት ገባች። እናቷ በር ላይ አገኟት።

«ምን ሆነሻል? ትንፋሽሽ እኮ ተቆርጧል! ሰው ሞተ?»

«ኧረ እማማ፣ ሰው ተነሳ ይበሉ! አባባ የት አሉ?»

አባቷ መስኮቱ ሥር ናቸው፤ ሌላ የት ይሆናሉ። አጠገባቸው ተንበርክካ መስመሩን አነበበችላቸው። ደግማ አነበበችላቸው። ቀስ ብለው መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ ራሳቸው ሊያነቡ ሞክረው ፊደሉ ስላነሰባቸው ስልኩን መለሱላት።

«ከላይ ጀምሪ» አሏት።

«ዋናው ይኼ ነው እኮ አባባ።»

«መመሪያ ከላይ ተጀምሮ እስከ መጨረሻው መስመር ይነበባል። እንደሱ አይደል ያስተማርኩሽ?»

እውነታቸውን ነው። ሥራ ላይ እያሉ አዲስ ዱቄት ወይም አዲስ ሰም ሲመጣ አባቷ ካርቶኑ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ ሳይቀር እስከ ፋብሪካው አድራሻ ድረስ ሳያነቡ ፓኬቱን አይቀድዱም ነበር። ጥርስ ሠሪዋ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አርባ አንድ መስመር በአንድ ትንፋሽ አነበነበችው። አፏ ያነባል፣ ልቧ ግን ካሴቱ የት እንደተቀመጠ ነው የሚያስበው። አባቷ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። አንዳንዱ ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ «እንደዚያም አደረጉት?» አሉ።

ካሴቱ ከእናትየው የቁልፍና የክር ቆርቆሮ ውስጥ ተገኘ፤ መጫወቻዋም አብራ። ሲያበሯት አንዴ እንቢ አለች፣ አንዴ ደብዝዛ በራች፣ አንዴ ጨርሳ ጠፋች። በአምስተኛው ሙከራ መንጋጋ ስክሪኑ ላይ ታየ፤ ያው ግዙፍ አፉን ከፍቶ። ጥርስ ሠሪዋ ነገሩ ገባት። ካሴቱ ውስጥ ትውስታውን የምትይዝ አንዲት ትንሽ ባትሪ አለች፤ እየሞተች ነው። እሷ ከሞተች መንጋጋ የለም፤ ባትሪውን ልቀይር ብለው ሲነቅሉትም የለም።

«ይተኛ በቃ» አሉ አባትየው። «የድሮ አውሬ አዲስ ቦታ ሄዶ ምን ይሠራል? ደግሞ አንዴ ከተሻገረ መመለሻ የለውም አላልሽም?»

«እዚህ ቢቀርም ከባትሪው ጋር አብሮ ነው የሚሞተው!» ድምጿ ከፍ አለ፤ ለአባቷ እንደዚህ ተናግራ አታውቅም። «ሃያ አምስት ዓመት ሕጉ ተሳስቷል ብለው ተከራከሩ። ይኸው ሕጉ ታርሞ ወደ እርስዎ መጣ! እሱ ሲመጣ እርስዎ ሊቀሩ ነው?»

እናትየው ቆርቆሮውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። አባትየው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ጥርስ ሠሪዋ እንደዚህ በቀጥታ ከእሳቸው ጋር ስትሟገት ድሮ ልባቸው ይሞቅ ነበር፤ ያ ሙቀት ፊታቸው ላይ ትንሽ ሲመጣ አየችና ዕድሏን ያዘች።

«እንወራረድ» አለች። «መንጋጋ በእሳት ንክሻው ብረት ለበስን ከጣለው ሰኞ ጠዋት ከእኔ ጋር ምድር ቤት ይወርዳሉ፤ ያንን ጥርስ ያዩልኛል።»

«ካልጣለውስ?»

«ካልጣለው ስለ ጥርስ ሁለተኛ አላስቸግርዎትም።» ከአፏ እንደወጣ ቆጫት፤ ግን ወጥቷል።

«ቆጣሪውን ጥሪልኝ» አሉ አባትየው።

ቆጣሪው ማለት ታላቅ ወንድሟ ነው። ደረጃ ሲወጣ ደረጃውን ይቆጥራል፣ ሰው ሲያስነጥስ ስንተኛው እንደሆነ ይነግረዋል፤ እናቱ ያወጡለት ስም ነው። ረቡዕ ከሥራ በኋላ የመሣሪያ ሻንጣውን ይዞ መጣ። የድሮውን ካሴት ከአዲሱ ጌም ጋር የሚያገናኝ አሸጋጋሪ ያለው በሰፈሩ እሱ ብቻ ነው፤ ብረት ለበስን ከራሱ ካሴት ጌሙ በወጣበት ቀን አሻግሮታል። የውርርዱን ወሬ ሲሰማ ሳቀ።

«እኔም አንብቤዋለሁ። የእሳት ንክሻ አሁን ብረት ለበስን አንዴ ካገኘው አለቀለት፤ አስልቼዋለሁ። ስለዚህ እንዳያገኘው ማድረግ ነው። እሑድ ጠዋት፤ አንድ ለአንድ። ለእያንዳንዳችን አንድ መድኃኒት ይፈቀዳል። አባባ፣ አልራራልዎትም።»

«ማን ራራልኝ አለህ?» አሉ አባትየው፤ ጥርስ ሠሪዋ ይህን አነጋገር ከሰማች ሁለት ዓመቷ ነበር።

ካሴቱ አሸጋጋሪው ላይ ተሰካ። ወንድሟ መጫወቻዋን ጠረጴዛው መሐል አስቀምጦ «ማንም እንዳይነካው፣ ማንም እንዳይራመድ» ብሎ አዘዘ። ስክሪኑ ላይ ቀጭን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሙላት ጀመረ። ሩቡ ላይ ሲደርስ የድሮዋ መጫወቻ መብራት ተርገበገበ። ግማሹ ላይ ጨርሳ ደበዘዘች። እናትየው ከአርባ ዓመት በፊት ልጅ ሲታመምባቸው እንደሚያደርጉት አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ግን ያንን አውሬ «ያ አስቀያሚ» ነበር የሚሉት።

«ስንት ደረሰ?» አሉ አባትየው፤ ዓይናቸው አያይላቸውም።

«ሰማንያ ሁለት» አለ ቆጣሪው። «ሰማንያ ዘጠኝ። ዘጠና አራት። ኧረ በለው! ዘጠና ሰባት...»

መጫወቻዋ ጠፋች። ከዚያ አዲሱ ስክሪን ላይ በደማቅ ቀለም፣ ድሮ ከነበረው አሥር እጥፍ ጥርት ብሎ፣ አንድ ግዙፍ አፍ ተከፈተ። ከሥሩ «መንጋጋ በሰላም ደርሷል» ይላል። ጥርስ ሠሪዋ ዘለለች፣ እናቷ አጨበጨቡ፣ ቆጣሪው እንኳ ተጋጣሚያቸው መሆኑን ረስቶ ጠረጴዛውን ደበደበ። አባትየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ሲያዩ ቆዩና «ጥርሱን አሳመሩለት» አሉ።

እሑድ ጠዋት ሳሎኑ ለድግስ የተሰናዳ ይመስል ነበር። እናትየው ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳታንጸባርቅ መጋረጃውን ዘግተዋል፤ ወንበሮቹን ፊት ለፊት አድርገዋል። አባትየው የታጠበ ሸሚዝ ለብሰዋል። መቆጣጠሪያውን ሲይዙት እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ አንዱን ልጫን ሲሉ ሁለቱን ይጫናሉ።

«አባባ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጫን» አለች ጥርስ ሠሪዋ።

«አይሆንም። ከፈለግሽ አንጓዬን ያዢልኝ።»

ከጎናቸው ተቀምጣ አንጓቸውን ከሥር ደገፈችው። ግጥሚያው ተጀመረ።

አንደኛው ዙር። አባትየው የእሳት ንክሻን መረጡ። ብረት ለበስ ግን ፈጣን ነው፤ ቀድሞ የእንቅልፍ ጭጋግ ለቀቀና መንጋጋ አፉን ሳይከፍት ተኛ። ወንድሟ መዳፉን አፋተገ። አሁን የወንድሟን ሐሳብ ጥርስ ሠሪዋ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ አነበበችው። የመንጋጋ ቆዳ ወፍራም ነው፤ ብረት ለበስ ቀንዱን ሳይስል ቢወጋው አይጎዳውም። ስለዚህ አስተኝቶ ቀንዱን ይስላል፤ ሦስት ጊዜ ከሳለ አንዴ መውጋት ይበቃዋል። እንቅልፉ ደግሞ ቢበዛ ሦስት ዙር ነው የሚቆየው።

ሁለተኛው ዙር። ብረት ለበስ ቀንዱን ሳለ። አባትየው የእሳት ንክሻን መረጡ። «መንጋጋ ተኝቷል» አለ ስክሪኑ።

«መድኃኒቱን ይስጡት አባባ! የማንቂያውን!»

«አይ» አሉ አባትየው።

ሦስተኛው ዙር። ብረት ለበስ ቀንዱን ደግሞ ሳለ፤ አሁን ቀንዱ ስክሪኑ ላይ ያብለጨልጫል። አባትየው አሁንም የእሳት ንክሻን መረጡ። መንጋጋ አሁንም ተኝቷል።

«አባባ፣ የተኛ አውሬ ንከስ ቢሉት አይነክስም እኮ! መድኃኒቱን!» አለች ጥርስ ሠሪዋ። ሰኞ ዓይኗ ላይ ድቅን አለ፤ ዶክተሩ ደረጃውን ሲወርድ፣ እሷ ሁለተኛ ስለ ጥርስ አልጠይቅዎትም ያለችውን ስትውጥ።

አራተኛው ዙር ደረሰ። ቆጣሪው ቆም ብሎ በጣቱ ቆጠረ። አሁን ቢወጋ መንጋጋ ጥቂት ነፍስ ይተርፈው ይሆናል፤ አንዴ ጨምሮ ቢስል ግን በሚቀጥለው ዙር ያለ ጥርጥር ይጨርሰዋል። አውሬው በዚህ ዙር ቢነቃ እንኳ መንቃቱ ዙሩን ይበላበታል፤ ልጅ ሳሉ ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ነው፤ የነቃ አውሬ ዓይኑን ሲያሽ ዙሩ ያልፋል። ስለዚህ ጊዜ አለኝ አለ።

«ልሳል» አለ ጮክ ብሎ፤ ተጫነ።

አባትየው አንድ ጊዜ ልጃቸውን ከመነጽራቸው በላይ አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ወደ እሳት ንክሻው ወሰዱ፤ ጣታቸው ሊስት ሲል ጥርስ ሠሪዋ አንጓቸውን አጠበቀችው፤ ጣቱ ቦታው ላይ አረፈ።

ብረት ለበስ ቀንዱን ለሦስተኛ ጊዜ ሳለ። ከዚያ ስክሪኑ «መንጋጋ ነቃ!» አለ። ዓይኑን ሳያሽ፣ እዚያው ዙር ላይ፣ «መንጋጋ የእሳት ንክሻን ተጠቀመ!» ያ ሃያ አምስት ዓመት የተሳቀበት አፍ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ ከጥርሶቹ መሐል እሳት ወጣ፤ ተዘጋም። የብረት ለበስ የሕይወት መስመር ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ ወርዶ ባዶ ሆነ። ብረት ለበስ ተደፋ።

እናትየው እልል አሉ። ጥርስ ሠሪዋ አባቷን አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። ቆጣሪው ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል።

«አይቻልም! መንቃቱ ዙሩን ይበላዋል እኮ! የነቃ አውሬ በዚያው ዙር አይመታም!»

«ያ ድሮ ነው ልጄ» አሉ አባትየው፤ እየሳቁ እንባቸው ወርዷል። «ያ አልፎበታል። የተኛ ትእዛዝ ይቀበላል፤ የነቃ እዚያው ዙር ላይ ይመታል። መድኃኒቱን ብሰጠው ዙሩ በመድኃኒቱ ያልቅና መልሰህ ታስተኛው ነበር። አርባ አንደኛው መስመር ላይ አለልህ።»

ቆጣሪው ስልኩን አውጥቶ እስከ መጨረሻው ወረደ። አርባ አንድ። ቤት ውስጥ ያለውን ማንኪያ ሳይቀር የሚቆጥር ሰው እንቅልፍ ያው እንቅልፍ ነው ብሎ የመጨረሻውን ገጽ አላነበበም። ጥርስ ሠሪዋም ያቺን መስመር በገዛ አፏ አንብባ ጆሮዋ እንዳልሰማት ያን ጊዜ ታወቃት። ቆጣሪው ፊቱ ቀልቶ አባቱ ፊት ዝቅ ብሎ እጃቸውን ያዘ።

«አባባ፣ ከመጀመሪያውም ልክ ነበሩ። ንክሻ በጉልበት ነው።»

አባትየው ጸጉሩን ዳበስ አደረጉት። ከዚያ ወደ ጥርስ ሠሪዋ ዞሩ።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?»

ሰኞ ጠዋት አባትየው ምድር ቤቷን ገብተው ማንም ሳያቀርብላቸው ባዘነበለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጥርሱን አላነሱም፣ ልኬቱንም አላዩም። «ሰውየውን አምጡልኝ፤ ሲያወሩ ልያቸው» አሉ። ዶክተሩ ግራ እየገባው ጡረተኛውን ትራፊክ ፖሊስ ይዞ ወረደ። አባትየው ስለ መኪናና ስለ መንገድ ጨዋታ ጀመሩላቸው፤ ፖሊሱም እጃቸውን ቀኝና ግራ እየዘረጉ አወሩ፣ ጥርሱም ቋ ቋ አለ። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«ፊሽካዎን በየትኛው በኩል ነበር የሚነክሱት?» ብለው ጠየቋቸው።

«በግራ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በግራ።»

አባትየው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ልኬትሽ ልክ ነው። ዶክተሩ ይንከሱ ሲሏቸው እንደ ታዘዘ ፖሊስ ቀጥ ብለው ይነክሳሉ። ማውራት ሲጀምሩ ግን መንጋጋቸው ወደ ፊሽካው ይሄዳል። ቆመው የተለኩበትን ጥርስ እየሄዱ ነው የሚያኝኩበት።»

ጥርስ ሠሪዋ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ያን ዕለት ረፋዱን ሙሉ አባቷ እየነገሯት፣ እሷ እየሠራች፣ የታችኛውን ረድፍ በሰም ወደ ግራ አስገቡት። እጃቸው ሰሙን መያዝ ሲያቅተው የእሷ እጅ ይይዛል፤ የእሷ ዓይን ሲጠራጠር የእሳቸው ይፈርዳል። ቀትር ላይ ሰሙ ላይ የተደረደረው ጥርስ በፖሊሱ አፍ ውስጥ ገባ። አባትየው ጥርስ የሚገጥምበትን ቦታ የሚያሳየውን ሰማያዊ ወረቀት በሚንቀጠቀጡ ጣቶቻቸው መሐል ያዙ፤ ጥርስ ሠሪዋ አንጓቸውን ከሥር ደገፈችው።

«ይንከሱ» አሏቸው። «በጉልበት።»

ፖሊሱ ነከሱ። ወረቀቱ ሲወጣ ሰማያዊው ምልክት በግራም በቀኝም እኩል ታትሟል። ከዚያ አወሩ፣ ጥርሱ ቋ አላለም። ሳቁ፣ አልወደቀም። ዶክተሩ ደረጃው ሥር ቆሞ ሲያይ ቆየና ወደ ፎቅ ወጣ፤ ሲመለስ ከራሱ ክፍል ያመጣትን ወንበር ይዞ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምድር ቤቷ ውስጥ ወንበር ሁለት ነው።